ተራ ቃል የጌም ርዕስ ሲሆን ጠቡ ከየት ይመጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ከጓደኛዬ ጋር ጌም እየሠራን ነው። መጀመሪያ ለስልክ፣ ቀጥሎ ለኮምፒውተር ልናወጣው አስበናል። ርዕሱ አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ማንም ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት። አንድ የምናውቀው ሰው ግን ‹ካንዲ የሚለው ቃል እንኳ ባለቤት አለው፤ ትከሰሳላችሁ› ብሎ አስደነገጠን። ቃል እንዴት የአንድ ኩባንያ ይሆናል? ስሙን ቶሎ ብለን እናስመዝግብ ወይስ ዝም ብለን ጌሙን እናውጣ?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። ተራውን ቃል ብቻውን ለማስመዝገብ አትሩጡ። አንድን ቃል ርዕስ አድርጎ መጠቀምና በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ «የእኔ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጌሙ ዓለም ብዙ የተወራላቸውን ጠቦች አንድ በአንድ ብታዩ፣ አብዛኞቹ የተቀሰቀሱት ጌሙ ያንን ስም ስለያዘ ብቻ አይደለም። ሠሪዎቹ ስሙን ለማስመዝገብ ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ ነው ነገር የመጣው። ይህን ሰዎች ቶሎ አያስተውሉትም፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ቃል የማንም ንብረት አይሆንም። የንግድ ምልክት ሕግ ለአንድ ኩባንያ የሚሰጠው ቃሉን አይደለም። የሚሰጠው ቃሉ በአንድ የሥራ ዘርፍ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ነው። ያም ሥራ ለገዢው «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ብሎ መንገር ነው። አፕል የሚለው ስም በስልክና በኮምፒውተር ላይ የአንድ ኩባንያ ነው። ፍራፍሬ ነጋዴ ሳጥኑ ላይ «አፕል» ብሎ ቢጽፍ ግን ማንም አይናገረውም። ስለዚህ «ቃሉ ባለቤት አለው ወይ?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «በምን ዕቃ ላይ? በየትኛው አገር? ገዢውስ ይምታታበታል ወይ?» የሚለው ነው።

ምዝገባውም በዘርፍ የተከፋፈለ ነው። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የኒስ ምደባ ዕቃና አገልግሎትን በ45 ክፍሎች ያስቀምጣል። የሚወርድ ጌም በክፍል 9 ይገባል። በኢንተርኔት የሚቀርብ መዝናኛ ክፍል 41 ነው። መጫወቻ ዕቃ ክፍል 28 ነው። ሌላ ሰው ቃላችሁን በሳሙና ላይ አስመዝግቦት ብታገኙ ብዙም አያሳስብም። በክፍል 9 ካገኛችሁት ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡ።

ቃላት ሁሉ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1976ቱ የአበርክሮምቢ ፍርድ ወዲህ በደረጃ ይመዘናሉ። ከታች ያለው የዕቃው የወል መጠሪያ ነው። ገበጣን ወደ ስልክ ጌም ቀይራችሁ «ገበጣ» ብትሉት፣ ይህ የጨዋታው ስም ነው። እናንተም ሆናችሁ ሌላ ሰው በዚያ ስም ሌላውን ልትከለክሉ አትችሉም። አማርኛ ስለሆነ ፈረንጆቹ አይገባቸውም ብላችሁም አትቁጠሩ። የአሜሪካ ምዝገባ ቢሮ የውጭ ቋንቋ ቃል ሲመጣለት አመልካቹን ትርጉሙን ይጠይቃል፤ ትርጉሙንም ይዞ ይመዝናል። ከፍ ሲል ዕቃውን የሚገልጽ ቃል አለ፤ ለመኪና ውድድር ጌም «ፍጥነት» እንደማለት። ይህ የሚመዘገበው በብዙ ዓመት አገልግሎት ሕዝቡ ቃሉን ከአንድ ሠሪ ጋር ማያያዙ ሲረጋገጥ ነው። ከዚያ በላይ ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ቃል፣ ከዚያ ከዕቃው ጋር ምንም የማይገናኝ ተራ ቃል ይመጣል። የጠፈር ጦርነት ጌም «ሎሚ» ቢባል ጠንካራ ስም ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ደግሞ ከዜሮ የተፈጠረ ቃል ነው።

ይህ ሚዛን ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል መጀመሪያ ላይ ውድቅ ተደረጉ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት የተዘጋው በ2007 ነው። ያን ጊዜ የተከራከርንበት ነጥብና ዛሬ እናንተ የጠየቃችሁኝ ነጥብ አንድ ነው። ሁሉም ሰው የሚናገረው ስም የአንድ ወገን ምልክት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ጌም ሠሪዎች እምብዛም የማያውቁት ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ነጠላ መጽሐፍ ወይም ፊልም ርዕስ በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። ተከታታይ ሥራ ሲሆን ነው የሚፈቀደው። የኮምፒውተር ጌም ግን ከዚህ ገደብ ውጭ ነው። የምዝገባ ቢሮው መመሪያ ጌምን የሚያየው እንደ ሶፍትዌር እንጂ እንደ አንድ ወጥ ድርሰት አይደለም። ስለዚህ የአንድ ጌም ርዕስ፣ ተከታይ ክፍል ባይኖረውም፣ ሊመዘገብ ይችላል። ደራሲዎች አንድ ዓይነት ርዕስ ይዘው በሰላም ሲኖሩ ጌም ሠሪዎች የሚካሰሱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቅጂ መብት ደግሞ ርዕስን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በንግድ ምልክት በኩል ይመጣል።

አሁን ወደ ካንዲ። ኪንግ የተባለው ኩባንያ ካንዲ ክራሽ ሳጋን በ2012 አወጣ፤ ጌሙም ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ኩባንያው «ካንዲ» የሚለውን ቃል ብቻውን ለጌምና ለሌሎች ዕቃዎች ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተ። በጥር 2014 ማመልከቻው ለሕዝብ እንዲታተም ተፈቀደ። ይህ መጽደቅ አይደለም። የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ የሚከፈት ደረጃ ነው። ነገር ግን ወሬው «ካንዲ የኪንግ ሆነ» ተብሎ ተሰራጨ፤ ወዳጃችሁም የሰማው ይህንን መሆን አለበት። ወዲያው በርዕሳቸው ላይ ካንዲ ያለባቸው ትንንሽ ጌም ሠሪዎች በአፕል በኩል ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። ብዙ ሠሪዎች ተቆጥተው ካንዲ የሚል ቃል ያለባቸውን ጌሞች ሆን ብለው እየሠሩ በይፋ ተቃወሙ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ የባነር ሳጋ ነገር ነው። ስቶይክ የተባለው የቴክሳስ ትንሽ ስቱዲዮ በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጌም ሠራ። ተዋጊዎች በበረዶ ላይ የሚጓዙበት፣ በእጅ የተሳለ፣ ከከረሜላ ጋር ምንም የማያገናኘው ሥራ ነው። «ሳጋ» ደግሞ የዚያው የሰሜኑ ሕዝብ የጥንት ትረካ መጠሪያ ነው። ስቶይክ ርዕሱን ለማስመዝገብ አመለከተ። በታኅሣሥ 2013 ኪንግ ተቃውሞ አስገባ፤ በራሱ ጌሞች ስም ላይ «ሳጋ» ስላለ። ልብ በሉ፣ ኪንግ ራሱ ባነር ሳጋ የእኔን ስም ሊሻማ ነው ብሎ እንደማያምን በይፋ ተናግሯል። የተቃወመው ዝም ካልኩ ነገ እውነተኛ አስመሳይ ሲመጣ መከላከያዬ ይደክማል በሚል ነው።

ይህ ምክንያት ከፊሉ እውነት ነው። አንድ ቃል በብዙ ሰዎች እጅ በአንድ ዘርፍ ውስጥ ሲውል፣ እንደ ምልክት ያለው ኃይል ይቀንሳል። ፍርድ ቤትም «ይህ ቃል በየቦታው ነው» ብሎ ጥበቃውን ሊያጠብበው ይችላል። ከፊሉ ግን ምክንያት ፍለጋ ነው። ተቃውሞ ብቸኛው መንገድ አይደለም። አንድ ገጽ ተኩል የአብሮ መኖር ስምምነት ይበቃ ነበር፦ እናንተ በዚህ ርዕስ ትጠቀማላችሁ፣ እኛ በዚህ እንጠቀማለን፣ አንነካካም። እንዲህ ያለ ስምምነት ቃሉን አያደክመውም። ትልቅ ኩባንያ ይህን አማራጭ እያለው መጀመሪያ ተቃውሞ ሲያስገባ፣ ትንሹን ወገን ለወራት እንቅልፍ እየነሳው መሆኑን ማወቅ ነበረበት። ኪንግ በየካቲት 2014 የአሜሪካውን የ«ካንዲ» ማመልከቻ ተወው። ከስቶይክ ጋርም በሚያዝያ 2014 ተስማሙ፤ ጌሙም ስሙን እንደያዘ ቀረ።

ቀጥሎ የስክሮልስ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለእናንተ የሚጠቅመው። ማይንክራፍትን የሠራው የስዊድኑ ሞያንግ «ስክሮልስ» የሚል የካርድ ጌም ጀመረ። ቃሉ የብራና ጥቅል ማለት ነው፤ በአስማትና በጥንት ዓለም ጌሞች ውስጥ በየመደርደሪያው የሚገኝ ዕቃ። ሞያንግ ቃሉን ብቻውን ለማስመዝገብ አመለከተ። የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጌሞች ባለቤት የሆነው ዜኒማክስ፣ የቤተስዳ እናት ኩባንያ ማለት ነው፣ ተቃወመና በ2011 ጠበቆቹ ደብዳቤ ላኩ። የሞያንግ መሥራች ማርከስ ፐርሰን ምዝገባውን እንተወዋለን፣ ንዑስ ርዕስም እንጨምራለን ብለው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። ፐርሰን ነገሩን በኩዌክ 3 ጌም ውድድር እንፍታው እስከ ማለት ደረሱ። ጉዳዩ ግን ስዊድን ፍርድ ቤት ሄደ።

ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2011 ጊዜያዊ እግዱን አልፈቀደም። ሞያንግ ስሙን ይዞ መቀጠል ቻለ። በመጋቢት 2012 ተስማሙ። ስምምነቱን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሞያንግ «ስክሮልስ»ን ለዚያ ጌም ርዕስ አድርጎ ይጠቀማል። የንግድ ምልክቱ ግን ለዜኒማክስ ተላለፈ፤ ሞያንግ በፈቃድ የሚጠቀም ሆነ። ከኤልደር ስክሮልስ ጋር የሚፎካከር ጌም በዚያ ስም ላለመሥራትም ቃል ገባ። ዜኒማክስን ያስጨነቀው የካርድ ጌሙ አልነበረም ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን በሌላ ሰው ስም በመዝገብ ላይ መቀመጡ፣ ነገ ሌላ ጌም ይዞ መምጣቱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ሞያንግን፣ በ2021 ዜኒማክስን ገዝቶ ጨረሰ። በ2023 ደግሞ አክቲቪዥን ብሊዛርድን ሲገዛ ኪንግም አብሮ መጣ። ትናንት በቃል የተካሰሱት ዛሬ ደመወዛቸው ከአንድ ካዝና ይወጣል።

ማመልከቻን ተከትሎ ጠብ የመጣበት ታሪክ በዚህ አያበቃም። «ኢት ቴክስ ቱ» የተባለውን ጌም ታውቁት ይሆናል፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወተው። አገላለጹ በእንግሊዝኛ ማንም የሚለው ነው። ሠሪው ሄዝላይት ርዕሱን ለማስመዝገብ ሲሞክር ቴክ ቱ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ተቃወመ፤ በስሙ ውስጥ ተመሳሳይ ሁለት ቃላት ስላሉ። ሄዝላይት ማመልከቻውን ተወው። ጌሙ ግን ስሙን አልቀየረም። በዚያው ስም በመላው ዓለም ተሸጠ፤ በታኅሣሥ 2021ም የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ። ምዝገባ ባይኖረውም ርዕሱ ሥራውን ሠርቷል።

ሌላው ትንሽ ስቱዲዮ ግን እንዲህ አልቀናውም። ኖ ማተር ስቱዲዮስ «ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» የሚል ጌም ይሠራ ነበር። በእንግሊዝኛ «መጸለይ»ና «የሚታደን እንስሳ» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ርዕሱ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። ስሙን ለማስመዝገብ ሲያመለክቱ «ፕሬይ» የተባለው ጌም ባለቤት ዜኒማክስ ተቃወመ። በ2017 ሠሪዎቹ የቃሉን ፊደል ቀየሩ። መታገል እንችል ነበር፤ ነገር ግን ደጋፊዎቻችን ለጌሙ ብለው ያዋጡትን ገንዘብ በጠበቃ ላይ ማጥፋት አልፈለግንም ብለው በግልጽ ጻፉ። ይህን ውሳኔ አከብራለሁ። በእነሱ ቦታ የተቀመጠ ደንበኛ ቢመጣ እኔም የምመክረው ያንን ነው። ሕጉ ከእናንተ ጋር ሊሆን ይችላል። መልሱን እስኪሰጥ ድረስ የመቆየት አቅም ግን ከማን ጋር ነው?

የዩቢሶፍት «ጎድስ ኤንድ ሞንስተርስ»ም ማመልከቻው ላይ የሞንስተር ኢነርጂ መጠጥ አምራች ተቃውሞ ቀርቦበት ነበር። ጌሙ በ2020 «ኢሞርታልስ ፊኒክስ ራይዚንግ» በሚል ስም ወጣ። ዩቢሶፍት ስሙን የቀየርነው ጌሙ ራሱ ስለተለወጠ ነው ብሏል። የትልቅ መጠጥ አምራች ጠበቆች «ጭራቅ» የሚል ቃል በጌም ማመልከቻ ላይ ሲያዩ ዝም እንደማይሉ ግን መዝገቡ ያሳያል።

ለምን ማመልከቻ ጠብ ይጠራል? ማመልከቻ በይፋ ይታተማል። አሜሪካ ውስጥ ከታተመበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ለተቃዋሚ ክፍት ነው፤ ማራዘምም ይቻላል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ 3 ወር ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህንን መዝገብ በየሳምንቱ የሚያይላቸው ሰው ይቀጥራሉ። የእናንተን ጌም ተጫውተውት አያውቁም፤ ስሙን ግን በዝርዝር ውስጥ ያዩታል። ከዚያ ለጠበቃው ቀላሉ ነገር ተቃውሞውን ማስገባት ነው፤ ቀኑ ካለፈበት ደንበኛው ይጠይቀዋልና።

ሁለተኛ በርም አለ፤ እሱም መደብሩ ነው። ማመልከቻ ባታስገቡም በዚህ በር ሊመጡባችሁ ይችላሉ። አንድ ሰው ለአፕል «ይህ ጌም ምልክቴን ነክቷል» ብሎ ሲያመለክት፣ አፕል ዳኛ ሆኖ አይመዝንም። አቤቱታውን ለእናንተ ያስተላልፍና ተነጋግራችሁ ጨርሱ ይላችኋል። ካልተጨረሰ ጌሙ ሊወርድ ይችላል። የፓሪሱ ሞቢጌም «ኤጅ» የተባለ ግሩም የስልክ ጌም ነበረው። በ2009 ቲም ላንግዴል የተባሉ ሰው «ኤጅ» በጌም ዘርፍ የእኔ ነው ብለው ስለተነሱ ጌሙ ከአፕ ስቶር ወረደ። ሰውየው «ኤጅ» የሚል ቃል ባዩበት ሁሉ የሚደርሱ ነበሩ። በ2010 ኤሌክትሮኒክ አርትስን «ሚረርስ ኤጅ» በሚለው ጌም ምክንያት ከሰሱ። ያን ጊዜ የገጠማቸው ግን ጠበቃ የማይቸግረው ኩባንያ ነበር። ዳኛ ዊልያም አልሰፕ እግዱን ከለከሉ፤ ለምዝገባ ቢሮ በቀረቡት ማስረጃዎች ላይ የማጭበርበር ምልክት እንዳለም ጻፉ። በመጨረሻ ምዝገባዎቹ ተሰረዙ። ትንሹ ሞቢጌም ያጣውን የሽያጭ ጊዜ ግን የመለሰለት የለም። ጌም አዲስ በወጣበት ሰሞን ካልተሸጠ መቼ ሊሸጥ ነው?

አገር ለአገር ልዩነቱም እዚህ ላይ ይታያል። ካርድ እየገለበጡ ጥንዶችን የሚያገኙበትን የማስታወስ ጨዋታ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር «ሜሞሪ» የሚለው ቃል ያ ጨዋታ የሚጠራበት ተራ ስም ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ራቨንስበርገር የተባለው የጨዋታ አምራች በቃሉ ላይ የንግድ ምልክት አለው። በ2012 በኩባንያው አቤቱታ የተነሳ አፕል በርዕሳቸው ላይ «ሜሞሪ» ላለባቸው ጌም ሠሪዎች ስሙን እንዲቀይሩ ማሳወቂያ ላከ። በብሪታንያ ደግሞ የቴሌቪዥን ኩባንያው ስካይ «ሰማይ» በሚለው ቃል ላይ ጠንካራ መብት አለው። ማይክሮሶፍትን የሚያህል ኩባንያ በ2013 እዚያ ፍርድ ቤት ተሸንፎ ስካይድራይቭን ዋንድራይቭ ብሎታል። «ኖ ማንስ ስካይ»ን የሠራው ትንሹ ሄሎ ጌምስ ከዚያው ኩባንያ ጋር በቃሉ ላይ ለ3 ዓመት በድብቅ ሲነጋገር ቆይቶ፣ ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው በ2016 መጨረሱን አስታወቀ። ሰማይ የሚለውን ቃል!

ፍርድ ቤት ሲደርስ ተራ ቃል የተጠቀመው ወገን ብዙ ጊዜ ጥሩ መከላከያ አለው፤ ይህንም ማወቅ አለባችሁ። የእንግሊዙ ሬቤልየን ስቱዲዮ «ሲንስ ኦፍ ኤ ሶላር ኢምፓየር፦ ሬቤልየን» የሚለውን ጌም አሳታሚ ስታርዶክን በ2012 አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። ጌሙ ስለ ዓመፅ ነው፤ ቃሉም ዓመፅ ማለት ነው። የሚሺጋን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 ክሱን ዘጋው። የተመሠረተው በ1989 የሮጀርስ ፍርድ ላይ ነው፦ ርዕሱ ከሥራው ይዘት ጋር ግንኙነት ካለውና ስለ ሠሪው ማንነት በግልጽ ካላሳሳተ፣ የመናገር ነፃነት ይጠብቀዋል። ነገር ግን በሰኔ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውስኪ አምራቹ በጃክ ዳንኤልስ መዝገብ ይህንን መከላከያ አጥብቦታል። አንድ ሰው ቃሉን የራሱ ምርት ምልክት አድርጎ ከተጠቀመበት፣ የሮጀርስ ፍርድ አይረዳውም ብሏል። እንግዲህ የምዝገባን ነገር እዚህ ጋ አስቡት። «ይህ ቃል የምርቴ ምልክት ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ ካመለከታችሁ በኋላ፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «የሥነ ጥበብ ርዕስ ብቻ ነው» ለማለት ይከብዳችኋል።

ታዲያ እናንተ ምን ታድርጉ? በመጀመሪያ ፈልጉ። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የብራንድ መፈለጊያ፣ የአሜሪካው ምዝገባ ቢሮ መፈለጊያና የአውሮፓው ቲኤም ቪው ሁሉም በነፃ ናቸው። ቃላችሁን በክፍል 9 እና 41 ውስጥ እዩት። በፊደል ብቻ ሳይሆን በድምፅ የሚመሳሰለውንም ፈልጉ። ከዚያ ወደ አፕ ስቶር፣ ጉግል ፕሌይና ስቲም ሂዱ። በዚያው ቃል ብዙ ጌሞች ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቃሉ የሁሉም ነው ማለት ነው። አንድ ብቻ ካገኛችሁና እሱም የትልቅ ኩባንያ ተከታታይ ጌም ከሆነ፣ ስሙን አሁኑኑ ቀይሩ። ገና ማንም ሳያውቀው መቀየር ምንም አያስወጣም።

ቃሉን ከወደዳችሁት ብቻውን አታቁሙት። ሁለተኛ ቃል ጨምሩበት፤ የምትጨምሩት ደግሞ ያልተለመደ ይሁን። በአማርኛ ብዙ ግሩም የቦታና የነገር ስሞች አሉን፤ ከጌሙ ይዘት ጋር በቀጥታ የማይያያዝ አንዱ ርዕሳችሁን በአንድ ጊዜ ከሺህ ጌሞች ይለየዋል። ከዚያ ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ርዕስ አስመዝግቡ፤ ዘርፉንም እስከምትሠሩት ጌም ድረስ ብቻ አድርጉት። ልብስ፣ መጫወቻ፣ ፊልም እያላችሁ ዝርዝሩን ባበዛችሁ ቁጥር ተቃዋሚም ይበዛል። አሜሪካ ውስጥ የማመልከቻው መነሻ ክፍያ ለአንድ ክፍል 350 ዶላር ነው፤ ክፍል በጨመራችሁ ቁጥር ይጨምራል። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር አመልካች ደግሞ የአሜሪካ ፈቃድ ያለው ጠበቃ የግድ ያስፈልገዋል፤ የጠበቃው ሒሳብ ከዚህ ውጭ ነው።

ካላስመዘገባችሁ ባዶ እጃችሁን አትቀሩም ወይ? እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሙን በገበያ ላይ በማዋል ብቻ የተወሰነ መብት ይገኛል፤ ቀድሞ የተጠቀመ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት በንግድ ምልክት ላይ ሌላውን የሚያስገድድ መብት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ጥበቃውም ለ7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ስለዚህ ዋና ገበያችሁ አገር ቤት ከሆነ ሙሉ ርዕሱን እዚህ ማስመዝገብ ተገቢ ነው። የስቱዲዮአችሁን ስም ደግሞ በሁለቱም ቦታ ብታስመዘግቡ እመርጣለሁ። አንድ ጌም ያልፋል፤ ቀጣዮቹን ሁሉ የሚሸከመው የስቱዲዮው ስም ነው። እሱን ከመጀመሪያው ያልተለመደ አድርጉት።

ደብዳቤ ቢመጣባችሁ በቁጣ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አትሂዱ። የካንዲ ጊዜ ጫጫታው ሠርቷል፤ ግን ከኋላው በሺህ የሚቆጠሩ ሠሪዎች ነበሩ። ደብዳቤውን በጥሞና አንብቡ። ምን ዓይነት ምዝገባ እንዳለው፣ በየትኛው አገርና ክፍል እንደሆነ፣ የሚጠይቀው የርዕሱን ለውጥ ይሁን የማመልከቻውን መተው ለዩ። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። እንደዚያ ከሆነ ማመልከቻውን ትተን ርዕሱን እንያዝ፣ ንዑስ ርዕስ እንጨምር፣ ሎጎአችንን ከእናንተ እናርቅ ብላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። የተስማማችሁበትን ሁሉ አስፈርሙ፤ የቃል «ችግር የለም» ነገ ሌላ ጠበቃ ሲቀጠር አይቆጠርም።

ደብዳቤው ሳይሆን የመጣው የአሜሪካው ቢሮ የተቃውሞ መዝገብ ከሆነ ግን ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። መልስ ለማስገባት የሚሰጠው 40 ቀን ነው። መልስ ሳይገባ ካለፈ ቃሉ ተራ ይሁን አይሁን ማንም ሳይመለከተው በተቃዋሚው ጥያቄ መሠረት ሊወሰንባችሁ ይችላል። ስለዚህ ያመለከታችሁበትን ኢሜይል በየቀኑ እዩ፤ ድርድር ላይ ብትሆኑም እንኳ ጠበቃችሁ መልሱን በጊዜው ያስገባ ወይም ከተቃዋሚው ጋር ተስማምቶ ቀኑን ያስረዝም።